ለቁስሏ ብዬ የከለከልኳት ተልባ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለበድረዲን፣ ከናፋቂ እህትህ ከሀጀራ። አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? የጅዳው ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? ሥራው፣ አሠሪህ፣ አብረውህ ያሉት ልጆች ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም ወንድምዓለም።

በስልክ ልነግርህ ስንቴ ሞከርኩ። አርብ አርብ ስትደውል እማዬ ስልኩን ከእጄ ትቀማና ድኛለሁ ትልሃለች። ውሸቷን ነው። እዚያው ጅዳ የምትሠራው ዘኪያ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ ይህን በእጇ ሰድጄልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ታኅሣሥ ላይ ዋጃ ዳር ካለው ማሳችን የማሽላ ጉቶ እማዬን እግሯን ወጋት ብዬህ ነበር። ስኳር ላለበት ሰው የእግር ቁስል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁና ወገቤን አስሬ ተነሣሁ። በየሦስት ቀኑ በባጃጅ ጤና ጣቢያ እየወሰድኩ አሳጥባታለሁ። መድኃኒቷንም አንድ ቀን አላጓደልኩም። ቤት ደግሞ ቁስለኛ እንደሚጠበቀው ጠበቅኋት። ቅባት ያመረቅዛል ሲባል አይደል ያደግነው! እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ ሥጋ የለ። ዘይት ያልነካው ሽሮ ብቻ፣ አራት ወር ሙሉ። ጎረቤታችን አስረሳሽ ቅቤ ስታነጥር እንኳ ሽታው ቁስሉን እንዳያገኘው ብዬ ደጇ ድረስ ሄጄ ተጣልቻታለሁ።

ረመዳን ላይ ለማፍጠሪያችን ተልባ በጠበጥኩ። እማዬ አየችኝና አንድ ጉንጭ ብቻ አለችኝ። አይሆንም፣ እሱም ቅባት አለው አልኳት። በማግስቱም ለመነችኝ። በሦስተኛው ቀን ዕቃውን ከፊቷ አንስቼ ጓዳ ደበቅሁት። እንደ ሕፃን አለቀሰችብኝ እኮ በድረዲን! እኔ ግን ጨክኜ፣ ስትድኚ ታመሰግኚኛለሽ አልኳት።

የዛሬ ሳምንት ቁስሏን የምታጥብላት ነርስ፣ ፍሬዓለም የምትባል የጎጃም ልጅ፣ የእማዬን መክሳት አይታ ምን እንደማበላት ጠየቀችኝ። እኔ ሞኟ ደረቴን ነፍቼ ቅባት ባለፈበት አላሳለፍኳትም አልኩ። ፍሬዓለም ጓንቷን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ተልባ፣ ሱፍና ዓሣ ውስጥ ያለው ጥሩ ቅባት ገላችን በራሱ የማይሠራው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘው ነው አለች። ቁስል ሲሽር አዲሱ ሥጋና ቆዳ የሚሠራው በእሱ፣ በእንቁላሉና በሥጋው ነው፤ ያን ከልክሎ እንዲሽር መጠበቅ ያለ ጭቃ ግድግዳ ልምረግ እንደማለት ነው አለችኝ። ታዲያ ተልባውን ብሰጣት ትድን ነበር ወይ ብዬ አፋጠጥኳት። እሱን ማንም አያውቅም፣ ዋናው ጠላት ስኳሩ ነው፣ ግን አቅም አሳጥተናታል አለች። አሳጥተናታል ያለችው ለእኔ አዝና ነው። ያሳጣኋት እኔ ነኝ። አንተም በስልክ ከቅባት ጠብቂያት ብለኸኝ ነበር፤ ቢሆንም አንተ እንባዋን አላየህም። እኔ አይቻለሁ።

ያንኑ ቀን ሆስፒታል ላኩን። ሐኪሙ የቁስሉ ጥቁረት ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ሐሙስ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ይቆረጣል አለ። እሷ በጣቷ ፈረመች፣ እኔም ከሥሯ ፈረምኩ። ትናንት ተልባ በጥብጬ ወሰድኩላት። ከንፈሯን አስነክታ መለሰችልኝ፤ አሁን አላማረኝም አለች። ነርሶቹን ደግሞ ልጄን እንዳትቆጧት፣ ለእኔ ብላ ነው አለቻቸው። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ እላለሁ፣ ልቤ ግን አይቀበለኝም። ምን እንደምሠራ ጠፍቶኛል ወንድሜ። ተስፋ ቆርጫለሁ።

ባለቤቴ ሙሐመድአሚን እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ትንሿ ልጄ ራዊያ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። አስረሳሽም ያን ያህል ተናግሬያት እማዬን መጠየቅ አልተወችም፤ ሰላም በይልኝ ብላሃለች። አብሮህ ላለው ለጎብዬው ልጅ ለዒምራን ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ እግሯ የለም። አርብ ስትደውል እግርሽስ ብለህ አትጠይቃት። ምን በላሽ በላት።

እህትህ ሀጀራ
ቆቦ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.