የሰው መጽሐፍ ሸጬ ስላገኘሁት ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሀብተሚካኤል
የስፖርት ቅርስ አሰባሳቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ወንበርዎስ? እኔ ታዛዥዎ፣ ከትልቁ መንገድ ዳር በፎቶ ኮፒ ሥራ የምተዳደረው ባዬ አንዷለም፣ እግዚአብሔር ይመስገንና ሰውነቴ ደኅና ነው፤ ቀና ብዬ የሰው ፊት ማየት ካቃተኝ ግን ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ይኸውም ኮሚቴዎ በአዳራሽ አቁሞ አስጨብጭቦልኝ «ደራሲና ተመራማሪ» የሚል የምስክር ወረቀት ካሸከመኝ ቀን ጀምሮ ነው። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ይባላል። እኔ ያጠብሁት የባዕድ መጽሐፍ ስለሆነ ጥፋቴ ከሴትዮዋ ይብሳል።

ይህ ደብዳቤ ለሕዝብም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ሰው ፈረስ ይወዳል፣ ሰው ሙግት ይወዳል፤ እኔ የምወደው አሮጌ የስፖርት መጽሐፍ ነው። ገጹ የሳሳ የዳኞች ደንብ፣ ሽፋኑ የሄደ የቦክስ ማስተማሪያ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተደረገ የብስክሌት ውድድር መርሐ ግብር አለ ካሉኝ መራዊ ድረስም ቢሆን እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ፈረስ ቤት ገበያ አንዲት ሴት በሩጫ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ገጾች በርበሬ ስትጠቀልል አግኝቼ፣ የተረፈውን ከእጇ ገዝቼ፣ እግረ መንገዴንም ተቆጥቻት ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ማባዛት ማዳን ነው እያልሁ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እሰብክ ነበር፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋልና። ይህን አሁንም አምንበታለሁ። የሚያሳፍረኝ በዚህ እምነት ስም የሠራሁት ሥራ ነው።

የተሸለምሁበት «ጥንግና ኳስ በቡሬ ዙሪያ» የተባለው መጽሐፍ የእኔ አይደለም። የጻፉት መምህር ክንዱ ናቸው፤ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ፣ የስፖርት መምህርና የእግር ኳስ ዳኛ የነበሩ የሰባ ሰባት ዓመት አዛውንት። በ1974 ዓ.ም. በትምህርት ቤታቸው ስቴንስል ሃያ ያህል ቅጂ አባዝተው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ የተረፈችው ሽፋኗ የተገነጠለ አንዲት ቅጂ ናት። እሷንም «አንብበህ መልስ» ብለው ለእኔ አዋሱኝ። ይህን ካሉኝ ሁለት ዓመት ሆነ።

መምህር ክንዱ በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈት ተምረዋልና፣ የብራና ጸሐፍት እንደሚያደርጉት ስማቸውን በመጨረሻው ገጽ በእጃቸው አስፍረዋል። ከስማቸው በላይ በ1958 ዓ.ም. የገና ዕለት ለላይኛው ደብር ጥንግ የመቱትን፣ ኋላም በዚያ አገር የመጀመሪያዋን የእግር ኳስ ያንከባለሉትን የአሥራ አራት ጎረምሶች ስም ዘርዝረዋል። ከስማቸው በታች ደግሞ «ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የሸጠ፣ ስም የፋቀ በአባቶች ቃል ውጉዝ ይሁን» ይላል።

ይህን ሳነብ ፈራሁ። ፍርሃቴ ግን መጽሐፉን ከመሸጥ አላገደኝም፤ ያገደኝ ያችን ገጽ ከማባዛት ብቻ ነው። ውግዘቱ የተጻፈው በዋናው ላይ ነው፤ ቅጂው ላይ ውግዘት ከሌለ ቅጂውን መሸጥ አያስወግዝም ብዬ ለራሴ ፈረድሁ። ልቤ አላርፍ ሲል የንስሐ አባቴን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኋቸው፤ የተገዘተ ነገር ግልባጩም ይገዘታል ወይ አልኋቸው። እሳቸውም «ገዢው የሚከፍልህ በግልባጭ ብር ነው?» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። ያልገባኝ መስዬ ሱቄን ከፈትሁ።

ሽፋን የሌለው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጹ ሲቀር ጸሐፊው ማን እንደሆነ የሚናገር አንድ ፊደል አይቀረውም። ገዢዎች ማን ጻፈው ሲሉኝ መጀመሪያ «የጥንት ነው» እል ነበር። ቀጥዬ ዝም ማለት ለመድሁ። ዝምታዬም ሲውል ሲያድር «ባዬ ነው ያዘጋጀው» የሚል ወሬ ሆነ፤ ወሬውም ደስ አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። መጽሐፉ ስለ ገና ጨዋታ ነውና፣ በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ የሚለውን ተማምኜ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ኮሚቴዎ የመጽሐፉን ጸሐፊ ማንነት አንድም ጊዜ ሳይጠይቅ ሠላሳ ቅጂ ስለገዛኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ተማሪዎች ጠይቀውኛል፤ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ አንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ እንኳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጠይቆኛል። ያልጠየቀኝ ቅርስ እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴዎ ብቻ ነው። እኔም ባይጠይቀኝ ይሻለኛል ብዬ ነበርና በዚህ ነገር ተግባብተናል።

፪. በሽልማቱ ቀን የፊት ወንበሮች ባዶ እንዳይታዩ ከየአካባቢው ሽማግሌ ሲያስጠሩ፣ ማንነታቸውን ሳያውቁ መምህር ክንዱንም ስላስጠሩልኝ አመሰግናለሁ። ልጃቸው እህተ ማርያም እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ለእንግዶች ከታደለው ቅጂ አንዱ ደረሳቸው፤ ዓይናቸው ደክሟልና ልጃቸው በጆሯቸው ታነብላቸው ጀመር። እኔ ከመድረኩ ላይ ሆኜ አያለሁ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቆይተው የመጨረሻውን ገጽ እንድትገልጥላቸው ጠየቋት መሰለኝ፣ ገለጠችና ራሷን ነቀነቀች። እሳቸው መጽሐፉን ከእጇ ወስደው የኋላውን ሽፋን ውስጥ ውስጡን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። ያን ጊዜ ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ።

ስወርድ መንገዴ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ የኔ ልጅ፤ ጽሕፈቱ ጥርት ብሎ ወጥቷል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጨዋታውስ አለ፤ ተጫዋቾቹን ወዴት አደረስሃቸው?» አሉ። እህተ ማርያም ግን ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ «ያዋስንህን መቼ ነው የምትመልስ?» አለችኝ። የምስክር ወረቀቱን በክንዴ እንደያዝሁ በጎኗ አልፌ ወጣሁ።

በማግስቱ ዋናውን መጽሐፍ አወጣሁ። በማባዣው መስታወት ላይ እንዲተኛልኝ ሽቦውን ፈትቼ ገጾቹን ለያይቼ ነበር። ያችን የመጨረሻ ገጽ ደግሞ ዓይኔ እንዳያያት ነጥዬ ከተበላሹ ወረቀቶች ክምር አጠገብ አኑሬያት ነበር። ክምሩን በየሳምንቱ እያነሣሁ የምሰጣት አጠገቤ ቆሎ ለምትሸጠው ለማሚቱ ነው። ገጹ የለም። የፈረስ ቤቷ ሴት በርበሬ የጠቀለለችበት መጽሐፍ የታተመ ነው፤ ሌላ ቦታ ይገኛል። እኔ ቆሎ ያስጠቀለልሁበት ገጽ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ያቺን ሴት ደግሞ በሰው ፊት ተቆጥቻት ነበር።

፫. ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ደራሲው እኔ እንዳልሆንሁ ስነግርዎ ስላሳዩኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። መጀመሪያ፣ ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል ስለሄደ የተሸለመን ሰው እንዳልተሸለመ ማድረግ እንደማይቻል አስረዱኝ። ሁለተኛ ስመጣ ትሕትናዬን አደነቁልኝ፤ ጸሐፊዎንም ጠርተው እውነተኛ ደራሲ እንዲህ እንደሆነ እኔን እያሳዩ አስተማሯት። ሦስተኛ ስመጣ፣ አልሰረቅሁም ብሎ የሚሟገት እንጂ ሰርቄያለሁ ብሎ ደጅ የሚጠና ሰው ገጥሞዎት እንደማያውቅ ነግረውኝ፣ መጽሐፉ ለሚያዝያው የስፖርት ሳምንት በእኔ ስም ታትሞ እንደሚወጣ አበሠሩኝ። የመምህር ክንዱ ስም ቢቀር የአሥራ አራቱ ይግባ ብዬ ብለምን፣ የገጹ ብዛት በውል ታስሯል አሉኝ። ስናዘዝ የምመሰገንበት ቢሮ ከእርስዎ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ የተለያዩትን ገጾች በጨርቅ ጠቅልዬ መምህር ክንዱ ቤት ሄድሁ። የሠራሁትን ሁሉ፣ ቆሎውንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስሞቹን እየጠሩልኝ እንድጽፍ ለመንኋቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ፤ ማን ግራኝ እንደነበር፣ ማን ሲመታ ምላሱን እንደሚያወጣ ሳይቀር እየነገሩኝ አሥራ አንድ ደረሱ። ከዚያ ቆሙ። ደግመው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አሁንም አሥራ አንድ። ሦስቱ አልመጡላቸውም። «ጽፌዋለሁ ብዬ እኮ ነው የረሳሁት» አሉ። እህተ ማርያም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

ከአሥራ አራቱ ዛሬ በሕይወት ያለ የለም። አብዛኞቹ በመቃብራቸው ላይ ስም የተጻፈበት ድንጋይ የላቸውም። ስማቸው በጽሑፍ የነበረው ያች ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ የጣልኋትም እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉም። በዚህ በኩል ያለውን ጥፋት ማንም እንዲጋራኝ አልፈልግም።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። ስሜን ከሽፋኑ ያውርዱ፣ የመምህር ክንዱን ስም ያስቀምጡ፤ በመጨረሻውም አሥራ አንዱ ስም፣ ከሥሩ ሦስት ባዶ መስመር ይግባ። ባዶ መስመር በታተመ መጽሐፍ ላይ ነውር ነው ካሉ፣ ነውሩ የእኔ እንደሆነ ከግርጌ ይጻፍልኝ። ይህ ካልሆነ እንዳይታተም እማጸናለሁ። የምስክር ወረቀቱን ለበር ጠባቂዎ አስረክቤያለሁ።

አንባቢ ሆይ፤ አንተንም አንቺንም እለምናለሁ። በ1958 የገና ዕለት በቡሬ ዙሪያ ለላይኛው ደብር የተጫወተ አባት፣ አያት ወይም አጎት ያለው ሰው ስሙን ለእህተ ማርያም ያድርስልን። መምህር ክንዱ እንደ ፊቱ ብርቱ አይደሉምና ቶሎ ይሁን። ከእኔ ቅጂ የገዛችሁም ይዛችሁ ኑ፤ አሥራ አንዱ ስም ያለበትን ገጽ በነጻ ሰፍቼ እመልስላችኋለሁ።

ከማይገባኝ ክብርና ከሚገባኝ እፍረት ጋር፣ ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ

ባዬ አንዷለም
በኮሚቴዎ መዝገብ ደራሲና ተመራማሪ፣ በሰፈሬ ፎቶ ኮፒ አንሺ
መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ለሚታተመው መጽሐፍ የጻፉትን መግቢያ ጸሐፊዎ እንዳባዛላት ይዛ መጥታ ስለነበር አንብቤዋለሁ። ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከመምህር ክንዱ ገጽ ስድስት ቃል በቃል የተወሰደ ነው፤ እሳቸው ስለ ሐቀኛ ዳኝነት የጻፉት ክፍል ነው። ቅዳሜ ዕለት ሳነብላቸው ከልባቸው ሳቁ፤ ዳኛ በነበሩበት ዘመን እንዲህ ላለው ቢጫ ካርድ አሳይተው ያልፉ እንደነበር አጫወቱኝ። ለእኔ የትኛውን እንደሚያወጡ አልጠየቅኋቸውም።