የአባትህ ዓይን በራ

ይድረስ መተማ ላለኸው ልጄ ሙሉብርሃን፤ ቆላው እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ደስ ይበልህ፤ አባትህ ማርቆስ ሆስፒታል ሄዶ የዓይን ሞራው ተገፎለት መጣ። ነርሷ «ውሃ እንዳይነካው» ብትለው «ጠበልም?» ብሎ ተሟገታት። እሷም የቄስ ልጅ ናት መሰለኝ፣ «ጠበሉን ይጠጡት አባቴ፤ ዓይንዎ ግን እስኪድን ይታገስ» ብላ አሳቀችው።

ቤት እንደገባ መጀመሪያ የጠየቀው የላክኸውን ፎቶ ነው። እኔ «ወፍሯል፣ አምሮበታል» እያልኩ ነበር የከረምኩት። ፎቶውን ወደ ብርሃን አውጥቶ ብዙ አየው፤ «ይሄ ነው ወፈረ ያልሽኝ?» ብሎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ሰኞ ለቀጠሮ ይመለሳል። ሐኪሞቹ ደጎች ናቸው ልጄ፤ ፋሲካን ሳትጠብቅ ናና አብራችሁ ሂዱ።

በደህና ያገናኘን።
እናትህ እቴናት፣ ከአምበር