የአባቴን መንዙማ የዋጠው የማኅደሩ ሃርድ ዲስክ

ለተከበሩ አቶ ሀብተጊዮርጊስ
የቡና ምድር የዜማ ማኅደር የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጅማ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤናዎ እንደምን አሉ እያልኩ፣ አላህ ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎ፣ ከወንበርዎም ሳያነቃንቅ እንዲያቆይዎ እመኛለሁ። ቢሮዎ ለቀደሙት ማመልከቻዎቼ መልስ ለመስጠት ጊዜ ስላጣ፣ ይህኛውን እዚሁ ጅማ መርካቶ ባለው የጨርቅ ሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

እኔ የቡ ከተማ ውስጥ መንዙማ ሲያዜሙ የኖሩት የሼህ ቲጃኒ ልጅ ነኝ። አባቴ ካረፉ ወዲህ ድምፃቸው የቀረው አንድ ካርቶን ካሴት ላይ ብቻ ነበር፤ ካርቶኑንም ለትውልድ ይቀመጣል ብላችሁ ከቤቴ ወሰዳችሁት። ካላስታወሱት አልፈርድብዎትም፣ ስብሰባ ይበዛብዎታል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ዜማውን የምታኖሩበትን ሃርድ ዲስክ ስትመርጡ ላሳያችሁት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ ዝቅተኛውን ዋጋ አሸናፊ አድርጋችኋል፤ መጥረጊያ የተገዛበት መመሪያ ለሰው ድምፅም በቅቷል ማለት ነው። ዋስትና አለው ወይ፣ የታወቀ ፋብሪካ ሥሪት ነው ወይ፣ እስከ አፉ ሲሞላ የተጫነው ሁሉ ተመልሶ ይከፈታል ወይ ብሎ የሞከረ አንድም የኮሚቴ አባል አልነበረም። ላዩ ላይ ሁለት ቴራባይት የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበርና ወረቀቱን አምናችሁ ተረከባችሁ። ዜማው አልከፈት ሲል ዲስኩ ተፈታ፤ ሆዱ ውስጥ የተገኘው አንዲት ትንሽ ፍላሽና ክብደት እንዲያነሣ በሙጫ የተጣበቀ ብሎን ነው። ቃለ ጉባኤው ግን እንከን አይወጣለትም አሉ።

ሁለተኛ፣ ሌላ ቅጂ በሌላ ዲስክ ይቀመጥልኝ ብዬ ስለምን፣ አንድን ዕቃ ሁለቴ መግዛት የመንግሥት ሀብት ማባከን መሆኑን በትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ላይ ትሕትናዬ ያልቃል። ካሴቶቼን ልወስድ ቢሮዎ ስመጣ ፈገግ ብለው፣ "ዲጂታል ከሆነ በኋላ ካሴቱ ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ። ለምን እንደሳቁ የገባኝ ካርቶኑ በስንት ልመና ሲመለስልኝ ነው። ባዶ ካሴት መግዣ በጀት ስላልነበረ የግምገማ ስብሰባችሁን አባቴ ላይ ቀድታችሁበታል። የአባቴን ድምፅ ልሰማ ቴፑን ስከፍት፣ አንድ የማላውቀው ሰው አርፍዶ ስለመግባቱ ግለ ሂስ ያደርጋል። ልጆቼ አያታቸውን በአካል አልደረሱባቸውም፤ በድምፃቸው ያውቋቸዋል ብዬ ነበር። አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ተናድጃለሁ፤ ይቅርም አላልኩም።

አሁን ደግሞ ካሴት ልትሰበስቡ ወደ ሰኮሩ ልትወጡ መሆኑን ሰምቻለሁ። ድካማችሁን ለማቅለል ብዬ፣ ቤቱ ካሴት ያለው ሰው ሁሉ በሩን እንዲዘጋባችሁ ቀድሜ አስነግሬያለሁ።

ለጤናዎ ሳትታክት የምትጸልየው፣
ለሹመትዎ ግን ከእንግዲህ የማትጸልየው፣
ሳቢሃ ቲጃኒ
ጅማ፣ ጥር 2003 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ዲስኩ ሲሞላ የቀደመውን እየደመሰሰ የኋለኛውን ብቻ የሚይዝ የማታለያ ዕቃ ኖሯል። ስለዚህም መጨረሻ ላይ የተጫነው የማኅደሩ ምረቃ ንግግርዎ አንድ ቃል ሳይጎድል ተገኝቷል። እኔም ዋስትና ያላቸውን የሁለት ፋብሪካ ዲስኮች ገዝቼ፣ ሞልቼ ሞክሬ፣ ንግግርዎን በሁለቱም ላይ ገልብጬዋለሁ፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ ሌላው አጋሮ እህቴ ዘንድ ይቀመጣል። የእርስዎ የልጅ ልጆች የአያታቸውን ድምፅ አያጡም።