እህቴን መርምረው እኔን ጤነኛ ላሉኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የእንቅልፍ ምርመራ ክፍል ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እንቅልፍዎስ? እኔ የሚጥል በሽታ ያለብኝ ልብስ ሰፊው ታካሚዎ፣ ትንፋሼ ደህና መሆኑን ካበሰሩኝ ወዲህ በወረቀት ላይ እጅግ ጤነኛ ነኝ፤ ክብረት ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ አይደለም። ንዴትም ጉልበት ይፈልጋል፤ የእኔን ጉልበት ደግሞ እንቅልፍ ማጣትና የምውጣቸው የሚጥል በሽታ ክኒኖች ተካፍለውታል። ለማመስገን ብቻ ነው፤ እንዳላምታታውም በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ፦ የሚጥል በሽታ ሐኪሜ በሽታው እንዲተወኝ ደህና አድርጌ እንድተኛ ሲያዙኝ፣ የእርስዎ ክፍል ደግሞ በሽታው ጋብ ሲልልኝ ለእንቅልፍ ምርመራ እንድመጣ ስለመለሰኝ አመሰግናለሁ። በሁለቱ በሮች መካከል ስመላለስ እግሬ ተፍታቷል።

፪ኛ፦ በመጨረሻ አልጋ ሲፈቀድልኝ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ያለ አስታማሚ አይመረመርም የሚለውን ደንባችሁን አክብሬ እህቴን ይዤ መጣሁ። እህቴ የምትተዳደረው ልብስ በመተኮስ ነው፤ ሌላው ሥራዋ እኔን መቀስቀስ ነው። በሰው ቤት ማንኮራፋት ሲቆም ቤተሰቡ እፎይ ብሎ ይተኛል፤ በእኛ ቤት ግን ማንኮራፋቴ ካቆመ ትንፋሼ ተቋርጧል ማለት ስለሆነ እህቴ ብድግ ብላ ትከሻዬን ትነቀንቃለች። እናታችን ካረፈች ጀምሮ የምናድረው እንዲህ ነው። እናንተም ዘንድ ሽቦው ሁሉ ደረቴ ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ የለመደባት ሆኖ ዝም ባልኩ ቁጥር ነቀነቀችኝ። ተይው ያላት አልነበረም፤ ተረኛዋ ነርስ እንዲያውም በርቺ ብላ ብርድ ልብስ ደርባላታለች።

፫ኛ፦ ስለዚህ መሣሪያችሁ የመዘገበው የእህቴን ትጋት ሆኖ ሳለ ውጤቱ በእኔ ስም ወጣ፤ ትንፋሹ ደህና ነው፣ የቸገረው እንቅልፍ ማጣት ብቻ ስለሆነ የእንቅልፍ ክኒን ይሰጠው ተባለ። እሷን ከበር ውጭ አስቀምጣችሁ እንደገና መርምሩኝ ብዬ ብለምን፣ ጸሐፊዎ ጤነኛ ለተባለ ሰው ዳግም ወረፋ እንደማይያዝ በትህትና አስረድታኛለች።

፬ኛ፦ እህቴ አመነችዎት። የተማረ ሰው ተናገረ ብላ ፍራሿን ወደ ሳሎን አውጥታ፣ ከስንት ዘመን በኋላ እንደ ሰው ተኛች። ልከለክላት አንጀቴ አልቻለም። ሌሊት በሽታው ጥሎኝ ኖሮ፣ ጠዋት ከአልጋው ሥር አፌ ደም በደም ሆኖ አገኘችኝ። ተርፌያለሁ፤ ምንም አልተሰማኝም፣ ሰሞኑን ምንም አይሰማኝም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታድራለች፤ ቀን ቀን ካውያ እንደያዘች ታንቀላፋለች። በመተኛቷም ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ይቅርታው የእርስዎ ድርሻ መሆኑን ብነግራት አልሰማ አለችኝ።

ለክፍልዎ ደንብ ዘወትር ታዛዥ፣ በእርስዎ ፊርማ ጤነኛ፣ በእህቱ እጅ ግን በሕይወት ያለው

ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያዘዙልኝን የእንቅልፍ ክኒን ሳልከፍተው መልሻለሁ። ለሌላ ታካሚ ይስጡልኝ። ለእርስዎስ እንዳልል፣ አውቆ የተኛ ክኒን አያስፈልገውም።