የአባዬ ሠላሳ ግራም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዝናብ ቢጤ። የደንበኛዬን የጥርስ ሐኪሟን ካፖርት ቆረጥኩ። ገበሩ አልተቆረጠም... ነገ።

አባዬ እኔ ዘንድ ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ። ዳሌው ከተሰበረ ሁለት ወር። አጥንቱ ገጥሟል ይላሉ፤ እግሩ ግን መቃ ሆኗል። የቀኝ ጭኑን በልብስ ሜትሬ ለካሁት፤ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር።

"ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው?"

"የለም፣ እግር ልሰፋልህ ነው።"

ሳቀ። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ አሁን ከአልጋ እስከ መስኮት መሄድ ረጅም መንገድ ሆኖበታል። "ሞተሩ ደህና ነው፤ ጎማው ነው ያስቸገረኝ" ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምንም ሳይደገፍ ከወንበር አምስት ጊዜ ከተነሳና ደረጃ መውጣት ከቻለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካልቻለ ብቻውን መኖር አይፈቀድለትም፤ እኔ ጋ ይቀራል። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። ሐኪሙ ለኅዳር 16 ቀጥሮታል። ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሳ? አንዴ። እሱንም የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ጨብጦ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ታናሽ ወንድሜ መጣ። "ጡንቻው" የምንለው። ብረት ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ከፕሮቲን ሌላ ወሬ የለውም። አባዬን ገና ሲያየው፣ "ፕሮቲን ነው የጎደለው" አለ። እሺ፣ ዶሮ ልቀቅልለት አልኩ።

"ቆይ፣ በአንዴ እንዳታበዢበት! ሰውነት በአንድ ማዕድ ከሠላሳ ግራም በላይ አይጠቀምም። ትርፉ ዝም ብሎ ይጣላል።"

"ማን አለ?"

"ይሄማ የታወቀ ነው!"

ይጣላል ሲለኝ አንገበገበኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሰፋ ብጣሽ ጨርቅ እንኳ ጥዬ አላውቅም።

ከሄደ በኋላ ተቀምጬ አሰላሁ። ሠላሳው ለጡንቻው ዓይነት ሰው ነው። አባዬ የሱ ግማሽ ነው... ስለዚህ አሥራ አምስት። ለጥንቃቄ አሥራ ሁለት ይሁን። ለቀጭን ሰው ልክ ስናሳንስ እንዲሁ አይደል የምናደርገው? አሥራ ሁለት ግራም ማለት ሁለት እንቁላል ነው። በቀን አምስት ጊዜ። ስልኬን በየሦስት ሰዓቱ እንዲጮህ ሞላሁት። ምንም የሚባክን ነገር የለም። ኮራሁ በራሴ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስልኩ ይጮኻል፣ አባዬ ያቃስታል። አንዴ እንቁላል፣ አንዴ ትንሽ ምስር፣ አንዴ እርጎ በትንሽ ስኒ።

"አሁን እኮ በላሁ።"

"እሱ የቅድሙ ነው።"

"ልጄ፣ የሚርበኝ መቼ ነው?"

ስኒውን አቀበልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

የአባዬን ጃኬት ልተኩስ ኪሱን ብዳብስ... የተቀቀለ እንቁላል! በሌላው ኪስ ደግሞ ግማሽ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ። የስንት ቀን እንደሆነ ሽታው ተናገረ።

ይዤ ሄድኩ። መደበቁን አልካደም።

"ትንሽ እረፍት ባገኝ ብዬ ነው" አለ። "መንገድ ላይ ያለ ሰው እንኳ ፌርማታ አለው።"

ልቆጣው ነበር፤ ሳቅ አመለጠኝ። ሁለታችንም ጎናችን እስኪወጋን ሳቅን። ጃኬቱን ሁለቴ አጠብኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጭኑን ለካሁ። አርባ። በሜትሩ ሌላ ጫፍ ደገምኩ። ያው አርባ።

ይጨምራል ብዬ ስጠብቅ ቀነሰ። ከወንበሩም አንዴ ብቻ ተነሳ።

እዚህ ላይ ካልጻፍኩት የትም አልናገረውም። ቁጥሩን ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም። "እንግዲህ መቅረቱ ነው" የሚል ነገር... ደስ እንደማለት። ጠዋት ከስፌት መኪናዬ ማዶ ተቀምጦ ሬዲዮውን ሲሳደብ መስማት ለምጃለሁ። ቤቱ ሰው ሰው ይሸታል። ግን እሱ በየማታው የቤቱን ቁልፍ ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው። አውቃለሁ፤ አልጋውን የማነጥፈው እኔ ነኝ።

ታዲያ ሆን ብዬ ነው እንዴ ያሳነስኩበት? አይደለም። አይመስለኝም። ግን ጥያቄው ለምን መጣብኝ?

ነገ እጠይቃለሁ። የሚያውቅ ሰው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ትናንት የእግር ልምምድ ለሚያሠራው የሆስፒታሉ ልጅ ደወልኩ፤ ወደ አመጋገብ ባለሙያዋ ላከን። ትልቅ ሴት ናት፣ በክር የታሰረ መነጽር ያደረገች። ሁሉን ነገርኳት። ሠላሳውን፣ ልክ ማሳነሴን፣ ስልኩን። እንቁላሉን እንኳ። ሰምታ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

"ማነው ይጣላል ያለሽ?"

"ወንድሜ።"

"ሰውነት እንዲህ በቀላሉ አይጥልም። ብዙ ስትበዪ አንጀት ቀስ ብሎ ጊዜ ወስዶ ይፈጨዋል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስገባዋል። ሠላሳ ላይ የተዘጋ በር የለም። ጡንቻ በአንድ ጊዜ የሚሠራው መጠን አለው፣ እሱ እውነት ነው፤ የቀረው ግን ለሌላ ሥራ ይውላል።"

"እሺ፣ ለአባዬ ማሳነሴስ?"

"እሱ ነው ስህተቱ። የሽማግሌ ጡንቻ ጆሮው ይከብዳል። ወጣቱን በሹክሹክታ ትቀሰቅሺዋለሽ፤ እሳቸውን ግን ጮክ ብለሽ ነው። በአንድ ማዕድ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ግራም ያስፈልጋቸዋል። ቁርስም፣ ምሳም፣ እራትም። አንቺ ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ ስትጠሪያቸው ከረምሽ።"

አባዬ ከጎኔ ሆኖ፣ "እኔስ ጩኸቱን የሰማሁት ከስልኩ ነው" አለ። ሴትየዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

የኩላሊት ምርመራውን ወረቀት አየች፤ ደህና ነው። "ምግቡ ብቻውን ግን እግር አይሆንም፤ ይነሱ፣ ይቀመጡ፣ ይነሱ" አለችው።

ለትንሽ ሰው ትንሽ ጨርቅ... አዎ፣ ለልብስ ነው። ለሰው አይደለም። ስልኩን ታክሲ ውስጥ አጠፋሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ቁርስ፦ ሦስት እንቁላል፣ አይብ በዳቦ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት። ከዚያ እስከ ምሳ ምንም።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከበስተኋላዬ፣ "ምሳ አልደረሰም እንዴ?" አለ። መርፌዬ ከእጄ ወደቀ። ከመጣ ጀምሮ ምግብ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ለጡንቻው ነገርኩት። ተከራከረ። ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፣ ብዙ አነበበ። በመጨረሻ፣ "እኔስ በየሁለት ሰዓቱ ከእንቅልፌ እየተነሳሁ የበላሁት?" አለ። አሳዘነኝ። የተረፈ ዓሣ ነበር፣ ሰጠሁት። ግራሙን ሳይጠይቅ በላው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

የጥርስ ሐኪሟ ካፖርቷን ልትለካ መጣች። እኔ ጠርዙን በስፒል ስይዝ አባዬ ማዶ ሆኖ ልምምዱን ጀመረ። እሷ እጆቿን ዘርግታ እንደቆመች መቁጠር ያዘች።

"አንድ! ሁለት! በርቱ አባባ! ሦስት!"

በአራተኛው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሦስት! እሷ ስታጨበጭብ ስፒሉ ወጋት። ይቅርታ ብጠይቃት፣ "እኔ ስንቱን ወግቼ" አለችኝ።

ጭኑ አርባ አንድ ተኩል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አራት። አምስተኛውን ግማሽ ድረስ። ተናደደ። ሲናደድ ደስ ይላል፤ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

እራት ላይ፣ "ቤቴ ብሄድ ቅር ይልሻል?" አለኝ ድንገት። አይለኝም ልል ነበር። "ይለኛል" አልኩት። "ግን ሂድ።" እጄን መታ መታ አደረገ። ምስሩን ጠርጎ በላው።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

አምስት ተነሳ። ሐኪሙ በቃ ሲለው ስድስተኛውን ጨመረ፣ ጉራውን ሊነዛ። የሆስፒታሉን ደረጃ ወጣ፣ ወረደ። ወረቀቱ ተፈረመ።

ወደ ደጅ ሲወጣ ድንገት እኔን መደገፍ ረስቶ ቀድሞኝ ሄደ። ከኋላው ስከተለው ትከሻው ቀጥ ብሏል። ደስታ ነው? ደስታ ነው። ትንሽም ይቆጠቁጣል።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ወሰድነው። ጡንቻው ሻንጣውን ይዞ ሽቅብ ጠፋ። እኔ ከኋላ፣ ቢወድቅ ልይዘው እጆቼን ዘርግቼ።

"እጅሽን ሰብስቢ፤ ዶሮ ታባርሪያለሽ እንዴ?"

"ፈርቼ ነው።"

"በአንደኛ ማርሽ ነው የምሄደው። አትቅደሚኝ።"

በየፎቁ ቆመ፣ ተነፈሰ፣ ቀጠለ። ቁልፉን ለማንም አልሰጠም፤ ራሱ ከፈተ። ቤቱ አቧራ አቧራ ሸተተ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፋፈተ፣ በየክፍሉ ዞረ፣ የወንበሩን ጀርባ እንደ ሰው ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ።

ጡንቻው ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ። ወጥ ቤት ልገባ ስል አባዬ በሩ ላይ ቆመ።

"ወዴት? ተቀመጪ። እዚህ እንግዳ ነሽ።"

ዓሣ ጠበሰ። አንድ ጎኑን አሳረረው። ትልቁን ቁራጭ እኔ ሳህን ላይ አደረገ።

"በዛብኝ፣ አባዬ።"

"ብዪ። ከስተሻል።"

ሹካዬን ይዤ ቀረሁ። ከስቼ ነበር እንዴ? ቀሚሴን በቅርቡ ከወገቡ እንዳጠበብኩት ትዝ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም። እሱ አይቶኛል። ያን ሁሉ ቀን ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ኖሯል። እንባዬ መጣ፤ በጭሱ አሳበብኩ። ሳህኑን ጨረስኩት፣ ያረረውንም።

ሳህን ላጥብ ብነሳ ከለከለኝ። እስከ ደጃፉ ሸኘኝ።

"ደህና ግቢ" አለኝ፣ ምንም ሳይደገፍ ቆሞ።