ኩርባ ላይ ባቡር የሚያስቆም ሰው

ውድ መይሙና፣

ይህን ደብዳቤ ትኬት ቆራጩ ጋሽ ሰላሃዲን ድሬዳዋ ድረስ ይዘውልሽ ይመጣሉ። እንዳያነቡት አስምያቸዋለሁ፤ አንብበውታል ማለት ነው። ጋሼ፣ ሰላም ነዎት?

ትምህርት ሲዘጋ ልትመጪ እንደሆነ ነገሩኝ። ኩርባ ሰፈር እንደምትወርጂ ሲነግሩኝ ግን ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። «አባቷ አልነገራትም። ሁመድ አፉ እምቢ አለው» አሉኝ። እንግዲህ የአባትሽን ሥራ እኔ ልሥራው። መይሙ፣ ኩርባ የለም። ቤቶቹን አፍርሰው መጋዘን እየሠሩበት ነው። እኛን ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር አምጥተው አሰፈሩን።

አሁን ደብዳቤውን አስቀምጠሽ አልቅሺ። ሲበቃሽ ቀጥዪ።

አዲሱ አስተማሪያችን «የሰፈራችሁን ታሪክና ጂኦግራፊ ጻፉ» ሲሉን ልደታን ትቼ ኩርባን ጻፍኩ። ጂኦግራፊ፦ በአንድ በኩል ሐዲድ፣ በሌላ በኩል የእማማ ጠጅቱ ጎመን፣ መሀል ላይ እኛ። ጣቢያ የለንም፤ ጣቢያችን አያቴ አባባ ጃርሶ ናቸው። የሚወርድ ሰው ሲኖር ቤተሰቡ ለእሳቸው ይነግራል፣ እሳቸው ቀይ ጨርቃቸውን ያውለበልባሉ፣ ባቡሩ ይቆማል። ካልተነገራቸው ያልፋል። ታሪክ፦ እንደ አባባ ከሆነ ሰፈሩን የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው፤ የባቡሩ ፈረንሳዊ አለቃ «ሙሴ ጃርሶ፣ ያለ አንተማ ይህ ኩርባ አይሆንም» ብሎ እግራቸው ላይ ወድቆ። እማማ ጠጅቱ ደግሞ «ወሬ! ባቡሩ ተበላሽቶ ነው የቆመው። ሠራተኛው የእኔን ሽሮ ቀምሶ አልነሣም አለ» ይላሉ። ሁለቱንም ጻፍኩ። አስተማሪው «ካርታ ላይ የለም» ብለው ዜሮ ሰጡኝ። ዜሮ የሚገባው ካርታው ነበር።

ልደታ ክፉ ሰፈር አይደለም። ሱቁ ቅርብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ፣ ጎረቤቱ ሳቂታ። ሽማግሌዎቻችን ግን ገና ከሐዲዱ አልወረዱም። በግንቦት ልደታ ለንግሥ ስንሄድ አስፋልቱ ጋ ደረስን። አባባ ቀዩን ጨርቅ ከኮታቸው መዥረጥ አድርገው መሀል መንገድ ገቡ። ታክሲው ሁሉ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣

«አባባ፣ ምን ሊያልፍ ነው?»

«ባቡር ነዋ!»

የባሰው ደግሞ የኩርባ እናቶች ነጠላቸውን ሰብስበው፣ እውነት ባቡር ሊመጣ ይመስል፣ ጥግ ይዘው መቆማቸው! በዚያ የሚያልፍ የቀበሌ ካድሬ ቀዩን ጨርቅ አይቶ ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ። «እንዲህ ያለ ንቁ አዛውንት ያብዛልን!» አላቸው። ሳቄ ሊገለኝ ነበር።

ከዚያ የአባባን ፊት አየሁት። ጎንበስ ብለው አስፋልቱ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ። ሐዲዱን ነበር። ቀና ሲሉ የማንንም ፊት አላዩም። ጨርቁን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ቤት ስንገባ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

አመሻሽ ላይ የባቡሩ ጡሩምባ ከለገሃር በኩል ቀጥኖ ይመጣል። አባባ ጆሯቸውን ያቀናሉ። እኔም አቀናለሁ። ከዚያ አንተያይም። እኔ በዚያች ሰዓት አንቺ ከእናንተ በር ሆነሽ «ኮከቤ፣ ነይ ሳያልፈን!» ስትይ ነው የሚሰማኝ።

ትናንት ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ ጨርቁን ያውሱኝ» አልኳቸው።

«ለምንሽ?»

«መይሙና ልትመጣ ነው።»

«የሁመድ ልጅ? የት ልትወርድ? መጋዘኑ ጣራ ላይ?»

«አላወቀችም፣ አባባ። ብቻዋን በመስኮት እንድታየው አልፈልግም።»

የሳጥኑን ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ።

«አንቺ እንኳን ባቡር ዝንብም አታስቆሚ። እኔው እሄዳለሁ።»

ገና ሳምንታት ቀርተው ኮታቸውን እየቦረሹ ነው። እማማ ጠጅቱም «ያለ እኔ የት!» ብለዋል፤ ሽሮ ይዘው እንደሚመጡ እፈራለሁ።

ስለዚህ መይሙ፣ አቃቂን ስታልፊ መስኮቱን ክፈቺ። ቤት አታዪም፣ ጎመኑንም አታዪም። ቀይ ጨርቅ ግን ታያለሽ፣ ባቡሩም ይቆማል። ሻንጣሽን እንዳታነሺ። አንቺ አትወርጂም፤ እኛ ነን የምንሳፈረው። ለገሃር አብረን እንወርድና ልደታ በእግራችን እንገባለን። አስፋልት ስንሻገር ብቻ ከአባባ ራቅ በይ።

በመስኮቱ በኩል ቦታ የምትይዢላት፣
ኮከቤ