በወረቀት ስለ ዳነችው ልጄ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቢሮዎ ወንበር የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ቤት ጤና ቢጠይቁኝ፣ መቼም ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እኔ አናጢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ሦስት ጊዜ ደጅዎ ድረስ መጥቼ ሦስቴም ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ተመልሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማኅተም ያረፈበት ግብዣዎ ደርሶኛል። የወጣቶች የአእምሮ ጤና ጥምር ቡድናችሁ አንደኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጄ «በባለሙያዎች ቅንጅት ከድብርት የዳነች» ተብላ መድረክ ላይ ለአምስት ደቂቃ ምስጋና እንድታቀርብ፣ እኔም ከፊት ወንበር እንድቀመጥ ጋብዘውናል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ክብር ከዘር ማንዘሬ ያየ የለም። ልጄ መምጣት ስለማትችል ግን ምስጋናውን በእሷ ፈንታ እኔ በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤቷን ነርስ አመሰግናለሁ፤ ይቺን እንኳ የምሬን ነው። ልጄ የፈተና ወረቀቷን ስሟን ብቻ ጽፋ ባዶውን ማስረከቧን ሰምታ፣ ከሁላችን ቀድማ ያየቻት እሷ ናት። እኔማ አባት ተብዬው፣ ከሥራ ስገባ ገና ሳይመሽ ተሸፋፍና ተኝታ ባገኛት ቁጥር «ዕድሜዋ ነው፣ ያልፍላታል» እያልኩ ምግቤን እበላ ነበር። ነርሷ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ቅጽ አስሞላቻት። ከየጥያቄው አጠገብ «ፈጽሞ»፣ «አንዳንድ ቀን»፣ «ብዙ ቀን»፣ «በየቀኑ» የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉ። ዘጠነኛው ጥያቄ መሞት ይሻለኝ ነበር ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል። ልጄ «ብዙ ቀን» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ነርሷ ደነገጠች፣ እጇን ጨብጣ አብራት ትንሽ ተቀመጠች፣ ከዚያም የታሸገ ፖስታ ሰጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ላከችን።

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛዋን በአንድ ላይ ማመስገኔን ይቅር ይበሉኝ፤ ልዩነታቸውን ያወቅሁት በመዝጊያቸው እንጨት ብቻ ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውና የአእምሮ ሐኪሟ ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ አራትና አምስት ሳምንት ወረፋ ጠበቅን፤ እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። በፖስታው ውስጥ የሚገኘው ሁልጊዜ «ለተጨማሪ ድጋፍ ተልካለች» የሚል አንድ መስመር ነበር። ልጄ የመለሰችው መልስ ምሥጢር እንዲጠበቅላት በየባለሙያው ቁም ሳጥን ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ምሥጢሯ ከሚያክሟት ሰዎች ሳይቀር በሚገባ ተጠብቆላታል፤ ለዚህም ምስጋናችን ወሰን የለውም። እያንዳንዱ ባለሙያ ያንኑ ዘጠኝ ጥያቄ እንደ አዲስ ጠየቃት፣ እሷም እውነቱን እንደ አዲስ መለሰች፣ እነሱም እንደ አዲስ ደነገጡ። የሥነ ልቦና ባለሙያው እንዲያውም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከደነገጡ በኋላ ግን አዲስ ፖስታ ነው። በአእምሮ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ድሩስ አብሯል፤ የታሰረችው ግን ልጄ ናት።

አምስተኛ፣ የማኅበራዊ ድጋፍ ሠራተኛዋን አመሰግናለሁ። እሷ ዘንድ የደረስነው በአምስተኛው ወር ነው። ልጄ ቅጹን ተቀብላ፣ ቆማ፣ ጥያቄዎቹን እንኳ ሳታነብ «ፈጽሞ» በሚለው ሳጥን ላይ ከላይ እስከ ታች ዘጠኝ ጊዜ ምልክት አደረገች። ከዚያ ፈገግ አለች። ሠራተኛዋ በደስታ ከመቀመጫዋ ተነስታ እንኳን ደስ ያለዎት ብላ ጨበጠችኝ። ጥምር ቡድናችሁም በሐሙስ ስብሰባው ያችን አንዲት ወረቀት አይቶ «ድናለች» ብሎ መዝገቧን ዘጋ። ያለፉትን አራት ወረቀቶች አምጥቶ ጎን ለጎን የማስተያየት ልማድ የላችሁም፤ ምሥጢር ነውና። እኔም ጅሉ አብሬ ጮቤ ረገጥኩ። ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ተሻላት ብዬ አወራሁ።

መዝገቧ በተዘጋ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሜትሬን ረስቼ ከሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ተመለስኩ። የክፍሏ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ስጠራት አትመልስም። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለልጄ ብዬ ጠንካራ እንጨት መርጬ፣ በሦስት ማጠፊያ ገጥሜ። በመጥረቢያ ስመታው አልበገር አለኝ፤ የገዛ እጄን ሥራ የረገምኩት ያን ዕለት ነው። በመጨረሻ ሰብሬው ገብቼ ለጥቂት ደረስኩላት። ሌላውን አልጽፈውም።

በእርስዎው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሦስት ቀን ተኛች። የጥምር ቡድኑ ቢሮ ከእሷ አልጋ ሁለት ፎቅ በላይ ነው። መዝጋቢው «ቀድሞ የነበረ ሕመም» በሚለው ቦታ ላይ «ድናለች» ብሎ ሞላ፤ መዝገቡ የሚለው ያንን ነው። የግብዣ ደብዳቤዎን ቀን ስመለከት የተፈረመው በሁለተኛው ቀን ሆኖ አገኘሁት። እርስዎ ከላይ የዳነችውን ልጅ ሲጋብዙ፣ እኔ ከታች ያችኑ ልጅ ትተንፍስ አትተንፍስ እያዳመጥኩ ነበር።

ለምን እንደዚያ አድርጋ ቅጹን እንደሞላች የጠየቅኋት ዓይኗን ከገለጠች በኋላ ነው። ድምጿን ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። «አባዬ፣ እውነቱን አራቴ ነገርኳቸው፤ አራቴም ወደ ሌላ ሰው ላኩኝ። ፈጽሞ ስላቸው ግን ወደ ቤት ላኩኝ» አለችኝ።

ስድስተኛ፣ ይህንንስ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል፣ የመዝገብ ክፍላችሁን። ከድንገተኛ ክፍል በወጣን ማግስት ክትትሏ እንዲቀጥል ብጠይቅ፣ የተዘጋ መዝገብ ስለማይከፈት ከመጀመሪያው፣ ማለትም ከትምህርት ቤቷ ነርስ መጀመር አለባት አሉኝ። ልጄ ትምህርት ካቋረጠች ሁለት ወር አልፏታል። እንግዲያው አስቀድማ ትምህርት ቤት ትመዝገብ፣ ከዚያ ነርሷ ትላካት፣ ከዚያ ቀጠሮው ከአራት ወር በኋላ ነው ተባልኩ። አራት ወር ስንት ቀን እንደሆነ ቆጥሬዋለሁ፤ የክፍሏንም በር መልሼ አልገጠምኩትም።

ክቡርነትዎ፣ ስለ ሕክምና የማውቀው ነገር የለም። ስለ ቅንጅት ግን ጥቂት አውቃለሁ። ቁም ሳጥን ስንታዘዝ አንዳችን ይለካል፣ አንዳችን ይቆርጣል፣ አንዳችን ይገጥማል፤ ሦስታችንም የምንቆመው ግን አንድ እንጨት ዘንድ ነው። የለካው ሰው ልኩን ቆልፎበት እንጨቱን ወደሚቀጥለው ቢልክ፣ የሚቀጥለውም እንደገና ለክቶ ወደ ሌላ ቢልክ፣ ደንበኛው በአምስተኛው ወር የሚረከበው መጋዝ ያልነካው ግንድ ነው። እኛ ይህን ብናደርግ ሌባ እንባላለን። እናንተ ግን የተማራችሁ ስለሆናችሁ ዓመታዊ በዓል ታከብራላችሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አምስቱ ባለሙያዎች ልጄና እናቷ ባሉበት አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ይቀመጡ። አንዳቸው ይጠይቋት፣ መልሷን አምስቱም ይስሙት፣ ከመሀላቸውም አንዱ «ይቺ የኔ ናት፤ በሚቀጥለው ሳምንት እኔው ዘንድ ትመጣለች» ይበል። ጠረጴዛ የቸገራችሁ እንደሆነ እኔ ሠርቼ ተሸክሜ አመጣለሁ። አራት ወር ግን ይቺ ልጅ የላትም፤ እኔ አባቷ ነኝ፣ ፊቷን በየጠዋቱ የማየው እኔ ነኝ።

ለላኩልን የግብዣ ካርድ ወርቃማ ዳር፣ ለተመደበልን አምስት ደቂቃ፣ ለመላው ጥምር ቡድንም ድካም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በዓሉ የደመቀና ጭብጨባ ያልተለየው እንዲሆንላችሁ ተመኝቼ ደብዳቤዬን እዚህ ላይ እቋጫለሁ።

የዳነችው ልጅ አባት፣
አናጢው

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ይህን ደብዳቤ በራስጌው ላይ «ለሚመለከተው ክፍል» ብለው እንዳይመሩት አደራ። ደግሞም ስለ ቅንጅት ጥናት የሚያስፈልግዎ ከሆነ ቤታችን ይምጡ። እኔ፣ እናቷና አክስቷ ቀኑን ለሦስት ተካፍለን አጠገቧ እንቀመጣለን። አንዳችን ስንነሳ ምን እንደበላች፣ ምን እንደተናገረች፣ ስንቴ እንዳለቀሰች ለተተኪው እንነግራለን። ቅጽ የለንም፣ ከሦስታችንም ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ የለም። እስከ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀን በሕይወት አቆይተናታል። ከሦስታችን አንዳችን የደከመን ቀን ወደ ማን እንደምንልካት ግን አናውቅም።